በሁንጋርያ አገር የሚገኘው የካሮዪ ግንብ
የተሰጠው ቀረ፤ የተያዘው አለፈ

ቤት ለሠሪው ብቻ የሚቆም አይደለም። ሠሪው ያልፋል፤ ቤቱ ግን ዕድሜው ከሰው ዕድሜ ስለሚረዝም ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዘመድ ወደ ባዕድ እየተላለፈ ይኖራል። ስለዚህ አንድን የቈየ ቤት አስተውሎ የሚመለከት ሰው የአንድን ቤተ ሰብ ክብርና ውርደት፥ ደስታና ኀዘን እንደ ተጻፈ መጽሐፍ ሊያነበው ይችላል። በሁንጋርያ አገር በገጠር የሚገኘውን የካሮዪን ግንብ በጐበኘን ጊዜ የተሰማን ይህ ነው። ክቡራን አንባቢዎቻችንም ለልጆቻቸው ምን እንደሚያወርሱ በሚያስቡበት ጊዜ ከዚህ ቤት ታሪክ የሚጠቅም ምክር ያገኙበታል ብለን ስላመንን፥ ያየነውንና የተረዳነውን በዚህ ገጽ እንጽፋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ መንገዱና ስለ ስፍራው

ከዋናው ከተማ ከቡዳፔስት ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሴኬሽፌሄርቫር ከምትባል ጥንታዊት ከተማ ይደርሳል። ስሟ ሲተረጐም «የመንበሩ ነጭ ግንብ» ማለት ነው። የሁንጋርያን ሕዝብ በክርስትና ያጸናው ንጉሥ ቅዱስ እስጢፋኖስ በዚህች ከተማ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ነበርና በ1038 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ በዚያው ተቀበረ። ከእርሱም በኋላ ከሠላሳ የሚበልጡ ነገሥታት ዘውድ የጫኑት በዚሁ ስፍራ ነው። ነገር ግን በ1543 ዓ.ም. ቱርኮች ከተማይቱን ያዙ፤ በ1601 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ በእሳትና በባሩድ ፈረሰ። ዛሬ ለመንገደኛ የሚታየው የመሠረቱ ድንጋይና የግድግዳው ቅሪት ብቻ ነው። ወደ ካሮዪ ግንብ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ይህን ፍርስራሽ ቢያይ መልካም ነው፤ በዚህ አገር የነገሥታት ሕንፃ እንኳ ሳይቀር እንደሚፈርስ ተረድቶ ይሄዳልና።

ከዚያች ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥቂት እንደ ተጓዙ ቬርቴሽና ባኮኝ የሚባሉት ተራሮች ይታያሉ። በባኮኝ ተራራ ግርጌ፥ ጋያ በሚባለው ወንዝ አጠገብ፥ ፌሄርቫርቹርጎ የምትባል መንደር አለች። ቹርጎ ማለት የሚፈስ የምንጭ ውሃ ማለት ነው። እኛ የጐበኘነው ግንብ በዚህች መንደር ይገኛል። ግንብ ያልነውም የጦር ምሽግ ሆኖ አይደለም፤ የንጉሥም ቤተ መንግሥት አይደለም። መኳንንቱ በርስታቸው ላይ እየሠሩ፥ ከከተማ ወጥተው ከቤተ ሰባቸው ጋራ የሚቀመጡበት ታላቅ የገጠር መኖሪያ ነው።

ስለ አትክልቱና ስለ ሕንፃው

ግንቡን የከበበው የዛፍና የሣር ቦታ ስፋቱ ሃምሳ ሄክታር ያህል ነው፤ ይህም በእኛ አገር ልክ ከአንድ ጋሻ መሬት የሚበልጥ ነው። አትክልቱ የተሠራው እንግሊዞች ባወጡት ሥርዓት ነው። የፈረንሳይ አትክልት እንደ ሰልፈኛ በመሥመር የቆመ፥ በመቀስ የተከረከመ ነው፤ የእንግሊዝ አትክልት ግን ዛፉ እንደ ልቡ እንዲያድግ፥ መንገዱም እንደ ጅረት እየተጠማዘዘ እንዲሄድ ይተዋል። ላላወቀ ሰው እግዚአብሔር የፈጠረው ዱር ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ዛፉ የት ቢቆም፥ ሜዳውም የት ቢከፈት ለዐይን ያምራል ተብሎ ታስቦ የተተከለ ነው። እኛም ከታላላቆቹ ዛፎች ሥር ቆመን አንድ ነገር አሰብን፦ ይህን የመሰለ ዛፍ የሚተክል ሰው በጥላው ሊቀመጥ አይተክለውም፤ እስኪያድግ ድረስ ዕድሜው አይበቃውምና። ዛፍ መትከል ያልተወለደውን ልጅ መውደድ ነው።

ሕንፃው በፊቱ ሰፊ አደባባይ ትቶ፥ እንደ ተዘረጉ ሁለት ክንዶች ክንፎቹን ወደ ፊት አውጥቶ የተሠራ ነው። የአሠራሩ ዓይነት ኒዮክላሲክ ይባላል፤ ይህም የጥንቶቹን የግሪኮችንና የሮማውያንን የሕንፃ ሥርዓት እንደ ገና ማንሣት ማለት ነው። ከዚያ በፊት በኤውሮፓ የነበረው ባሮክ የሚባለው አሠራር ወርቅና ጌጥ፥ የተጠማዘዘ ቅርጽና የመላእክት ምስል የበዛበት ነበር። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ሊቃውንቱ ከዚህ ጌጥ ብዛት ተመልሰው ቀጥ ያለ መሥመርን፥ የተስተካከለ ልክን፥ ዐምድንና ባለ ሦስት ማዕዘን ግምባርን መረጡ። በዚህ ሥርዓት የተሠራ ቤት ግራው ከቀኙ ጋራ ይተካከላል፤ መስኮቱ ከመስኮቱ ጋራ ልክ ነው፤ ውበቱም ከጌጡ ይልቅ ከመጠኑ ይመጣል። በቡዳፔስት የሚገኘውና ሚሃይ ፖላክ በሚባል የሕንፃ ሊቅ ዕቅድ ከ1837 እስከ 1847 ዓ.ም. የተሠራው የሁንጋርያ ብሔራዊ ሙዚየም የዚህ ሥርዓት ዋና ምሳሌ ነው።

የፌሄርቫርቹርጎ ግንብ መሠራት የጀመረው በ1844 ዓ.ም. ሲሆን ዕቅዱን ያወጣው ሃይንሪክ ኮህ የሚባል የሕንፃ ሊቅ ነው። ከእርሱም በኋላ ሚክሎሽ ዪብል በሥራው እንደ ተጨመረበት ይነገራል። ዪብል በ1814 ዓ.ም. እዚያው በሴኬሽፌሄርቫር የተወለደ ሰው ነው፤ በኋላም በ1884 ዓ.ም. የተከፈተውን የቡዳፔስትን የኦፔራ ቤት ዕቅድ አውጥቶ በአገሩ ስሙ የታወቀ ሆነ።

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር መዝለል አይገባንም። ግንቡ በተጀመረ ጊዜ የሁንጋርያ ገባር ገና ከጌታው ግዳጅ ነጻ አልወጣም ነበር፤ ነጻ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ በ1848 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የዐምዱን ውበት የሚያደንቅ ሰው ዐምዱን ያቆመውን ክንድ፥ ለዋጋውም የሚሆነውን እህል ያመረተውን ገበሬ መርሳት አይገባውም።

ስለ ሠሪው ቤተ ሰብ

ግንቡን ያስጀመሩት ኮንት ጊዮርጊስ ካሮዪ፥ በአገራቸው አጠራር ጀርጅ የተባሉት፥ እጅግ ባለጸጋ ከሆነ ቤት የተወለዱ ናቸው። በወጣትነታቸው ኮንት እስጢፋኖስ ሴቼኚ ከሚባሉት ከታወቁት የአገር ወዳድ ጋራ ወዳጆች ነበሩ። ኅዳር 3 ቀን 1825 ዓ.ም. የሁንጋርያ መማክርት በፖዦኝ ከተማ (ዛሬ ብራቲስላቫ በምትባለው) ተሰብስበው ስለ አገሩ ቋንቋ መዳከም ሲነጋገሩ ሴቼኚ ተነሥተው፥ ቋንቋውንና ዕውቀቱን የሚያሳድግ የሊቃውንት ማኅበር እንዲቋቋም የአንድ ዓመት ገቢያቸውን 60,000 ፎሪንት እንደሚሰጡ ተናገሩ። ወዲያው አብርሃም ቫይ የሚባሉት 8,000፥ ጊዮርጊስ አንድራሺ የሚባሉት 10,000፥ ጊዮርጊስ ካሮዪም 40,000 ፎሪንት ለመስጠት ቃል ገቡ። በጠቅላላው 118,000 ፎሪንት ሆነ ማለት ነው። በዚያን ዘመን በሁንጋርያ የመንግሥትና የትምህርት ቋንቋ ላቲን ነበረ፤ ከፍ ያሉት መኳንንትም በቤታቸው ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ይናገሩ ነበር እንጂ የገበሬውን ቋንቋ ብዙ አያከብሩትም ነበር። ስለዚህ ይህ ስጦታ የገንዘብ ስጦታ ብቻ አልነበረም፤ የሕዝቡን አፍ ማክበር ነበረ። አንባቢ ይህን 40,000 ፎሪንት በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ኮንት ጊዮርጊስ ያገቡት ወይዘሮ ካሮሊና ዚቺ የሚባሉትን ነው። የወይዘሮ ካሮሊና ታላቅ እኅት ወይዘሮ አንቶኒያ ደግሞ የኮንት ላዮሽ ባትያኒ ሚስት ነበሩ። ባትያኒ በ1848 ዓ.ም. የሁንጋርያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ነገር ግን በሁንጋርያና በኦስትርያ ንጉሠ ነገሥት መካከል ጦርነት ተነሥቶ የኦስትርያ ወታደሮች ፔስትን በያዙ ጊዜ፥ ጥር 8 ቀን 1849 ዓ.ም. ባትያኒን የያዟቸው በከተማው ውስጥ ባለው በካሮዪ ቤት ነው። ጥቅምት 6 ቀን በዚያው ዓመት በጥይት ተገደሉ። አስከሬናቸውን መነኮሳት በቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት በስውር አስቀምጠው ሃያ ዓመት ያህል ጠበቁት፤ በክብር የተቀበሩት በ1870 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በገጠር ያለው ግንብ ግድግዳው በሚቆምበት ዘመን በቤተ ሰቡ ውስጥ አንዲቱ እኅት የቤት እመቤት፥ ሁለተኛይቱ መበለት ሆኑ። የግንብ ውፍረት ኀዘንን ከደጅ አያስቀረውም።

በልጅ ልጆቻቸውም ዘመን ቤተ ሰቡን ሌላ ነገር ፈተነው። ከኮንት ጊዮርጊስ የልጅ ልጆች ሁለቱ፥ ኮንት ሚካኤልና ኮንት ዮሴፍ፥ በአባት አንድ በእናት ልዩ የሆኑ ወንድማማቾች ነበሩ። ሚካኤል ካሮዪ በ1918 ዓ.ም. ዘውዱ በወደቀ ጊዜ የመንግሥቱ መሪ፥ ቀጥሎም የሪፑብሊኩ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የካቲት 23 ቀን 1919 ዓ.ም. በካፖልና መንደር ቆመው የራሳቸውን ርስት ለገበሬዎች ማካፈል ጀመሩ፤ ጥቂት ሳምንት ሳይቈይ ግን ከሥልጣን ወረዱ፤ ብዙ ዘመናቸውንም በስደት ኖረው በ1955 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ሞቱ። ዮሴፍ ካሮዪ ግን ለዘውዱ የታመኑ ሆነው ቀሩ። እሳቸው በፌሄርቫርቹርጎ ግንብ ተቀምጠው፥ በአንድ ወቅትም የፌየርን አውራጃ አስተዳድረው፥ በ1934 ዓ.ም. ዐረፉ። አንድ አባት የወለዳቸው ሁለት ልጆች፥ አንዱ ርስቱን ለቀቀ፥ ሁለተኛው ጠበቀ። የሚደንቀው ግን መጨረሻው ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የለቀቀውም የጠበቀውም እኩል ሆኑ።

ቤቱ ባለቤት ባጣ ጊዜ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ዓ.ም. ሲፈጸም የሶቪየት ጦር ሁንጋርያን ያዘ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በወጣው ዐዋጅ ታላላቁ ርስት ሁሉ ተወርሶ ከ600,000 ለሚበልጡ ሰዎች ተከፋፈለ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ኮንትና ባሮን የሚለው ማዕርግ ሁሉ በሕግ ተሻረ። ከዚህም ዐዋጅ የተነሣ ብዙ መሬት አልባ ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ማሳ አረሰ፤ ይህ የፍርድ ሥራ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን ጥቂት ዓመት ሳያልፍ መንግሥት ያንኑ መሬት ወደ ማኅበር እርሻ እንዲያገቡ ገበሬዎቹን አስገደዳቸው። ስለዚህ ኮንቱም ገበሬውም ተራ በተራ መሬታቸውን አጡ።

የካሮዪ ቤተ ሰብ ወደ ውጭ አገር ተሰደዱ። ግንቡ የመንግሥት ሆነ፤ ወዲያውም ያልታሰቡ እንግዶች ገቡበት። በግሪክ አገር ከ1946 እስከ 1949 ዓ.ም. የእርስ በርስ ጦርነት ስለ ነበረ፥ በ1948 ዓ.ም. በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው ወደ ልዩ ልዩ አገር ተላኩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወደ ፌሄርቫርቹርጎ መጥተው በግንቡ ተቀመጡ። የሕንፃው ሊቅ የግሪኮችን ዐምድ አስቦ የሠራው ቤት ከመቶ ዓመት በኋላ የግሪክ ስደተኛ ልጆች መጠጊያ ሆነ። እንግዲህ ይህን አስቀድሞ ሊያስብ የሚችል ማን ነበረ? በ1950 ዓ.ም. በዚሁ በፌየር አውራጃ ለግሪክ ስደተኞች ቤሎያኒስ የሚባል መንደር ተሠራላቸው፤ መንደሩ ዛሬም አለ።

ከግሪኮቹ በኋላ አሳዳጊ የሌላቸው የሁንጋርያ ልጆች በግንቡ ይኖሩ ነበር። የመኳንንት ግብዣ ይደረግበት በነበረው አዳራሽ ልጆች እየተማሩና እየተጫወቱ አደጉ። ቤቱ በዚህ ዘመን ጌጡን አጥቷል፤ ነገር ግን ቤት ለልጅ መጠለያ ከሆነ ዘመኑን በከንቱ አሳለፈ አይባልም። የከፋው ጊዜ የመጣው ልጆቹ በ1979 ዓ.ም. ከወጡ በኋላ ነው። ሰው የማይኖርበት ቤት ፈጥኖ ያረጃል፤ አንድ የተሰበረ ጡብ ዝናቡን ያስገባል፥ ዝናቡ እንጨቱን ያበሰብሳል፥ የበሰበሰው እንጨት ጣራውን ያወርዳል። ታላቁን ቤት ለማፍረስ ጠላት አያስፈልገውም፤ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ማጣት ይበቃዋል።

የወራሾቹ መመለስ

በ1989 ዓ.ም. አገዛዙ በተለወጠ ጊዜ የተወረሰው ንብረት ነገር ተነሣ። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ብዙ የርስት ክርክር በእጃችን የጻፍን ስለ ሆነ ይህን ሕግ በልዩ ትጋት መረመርነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው 25ኛው ሕግ ንብረቱን ራሱን ለቀድሞ ባለቤቱ አልመለሰም፤ በምትኩ የካሣ ወረቀት ሰጠ። ካሣውም የጠፋው ንብረት በበዛ ቍጥር መጠኑ እያነሰ የሚሄድ ነበር፤ ለአንድ ሰው ስለ አንድ ንብረት ከ5 ሚሊዮን ፎሪንት እንዳያልፍም ተወሰነ። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት፥ አርባ ዓመት የኖረን ነገር ሁሉ ወደ ኋላ እንመልስ ቢሉ ሌላ በደል እንደሚመጣ ነው። እንግዲህ የካሮዪ ልጆች በሕግ ፊት ግንቡን ስጡን ሊሉ አይችሉም ነበር።

በዚህ ጊዜ ሦስት መንገድ ነበረ። መቈጣትና በያሉበት መቅረት አንድ ነው። የካሣውን ወረቀት ተቀብሎ መርሳት ሁለት ነው። ሦስተኛው ማንም ያላዘዘው መንገድ ነው፤ እርሱም ባለቤት ሳይሆኑ ጠባቂ መሆን ነው። የኮንት ዮሴፍ የልጅ ልጅ ዦርዥ ካሮዪ ከባለቤታቸው ጋራ ሆነው ይህን መረጡ። (ማዕርጉ በሕግ የተሻረ ስለ ሆነ እኛም ኮንት ሳንል አቶ ዦርዥ ብለን እንጽፋለን።) በ1994 ዓ.ም. በአያታቸው በዮሴፍ ካሮዪ ስም አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። ከዚያም ባለቤትነቱ በመንግሥት እጅ እንደ ሆነ ድርጅቱ ግንቡን ሊያድስና ሊጠብቅ ከመንግሥት ጋራ ተዋዋለ። አያቶቻቸው በርስትነት ያዙት የነበረውን ቤት የልጅ ልጅ በአደራ ተቀበሉት ማለት ነው። አቶ ዦርዥ በኋላም በፓሪስ የሁንጋርያ አምባሳደር ሆነው አገራቸውን አገልግለዋል።

እድሳቱ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ዓመት የተፈጸመ አይደለም። እርዳታ በተገኘ ቍጥር አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው እየተጀመረ ብዙ ዓመት ፈጀ። ዛሬ ግንቡ ለተመልካች ክፍት ነው፤ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ መጻሕፍት ቤት አለው፤ የሙዚቃ ምሽትና የሊቃውንት ጉባኤ ይደረግበታል። በቀድሞ ዘመን በአጥር ውጭ ይቆም የነበረው የመንደሩ ሰው ዛሬ በደጃፉ ይገባል።

ከዚህ የምንማረው

አሁን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን ወደ ለመንነው ወደ 40,000 ፎሪንት እንመለስ። ኮንት ጊዮርጊስ ካሮዪ በሕይወታቸው ብዙ ነገር ያዙ፥ ጥቂትም ሰጡ። ከያዙት ርስቱ ተከፋፈለ፥ ማዕርጉ ተሻረ፥ ግንቡ ተወረሰ፥ ዕቃው ተበተነ። ከሰጡት ግን የጠፋ የለም። ያን ጊዜ የተቋቋመው የሊቃውንት ማኅበር የሁንጋርያ የሳይንስ አካዳሚ ተብሎ ዛሬም ቆሟል፤ በ1865 ዓ.ም. የተከፈተው ቤቱ በዳኑብ ወንዝ ዳር ይታያል። የገበሬ ቋንቋ ይባል የነበረውም የአገሩ ሁሉ የትምህርትና የሕግ ቋንቋ ሆኗል። ያን 40,000 ፎሪንት ማንም ንጉሠ ነገሥት፥ ማንም ወታደር፥ ማንም ዐዋጅ ሊወርሰው አልቻለም፤ ከሰጪው እጅ ወጥቶ የሕዝብ ሆኗልና።

ከዘራቸው የተወለዱት አቶ ዦርዥም ግንቡን ያገኙት በዚሁ ሥርዓት ነው። ይገባኛል ብለው ቢመጡ ኖሮ ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ነበር፤ ልሥራ ብለው ስለ መጡ ግን በሩ ተከፈተላቸው። በፍርድ ቤት ስንጽፍ ወንድም ወንድሙን ስለ አንድ ቤት ሲከስ፥ ክርክሩም ዓመት ከዓመት ሲራዘም፥ በመካከሉ ቤቱ ራሱ ሳይጠገን ሲፈርስ ብዙ ጊዜ አይተናል። ሁለቱም «የእኔ ነው» ይላሉ፤ ጣራውን ግን የሚከድን የለም። ለእነዚህ ሰዎች የፌሄርቫርቹርጎን ግንብ ልናሳያቸው በወደድን ነበር።

ስለዚህ ክቡራን አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ለልጆቻችሁ ቤት ብትሠሩላቸው መልካም ነው፤ ዛፍም ብትተክሉላቸው መልካም ነው። ነገር ግን ከቤቱ ጋራ ቤቱን የሚጠብቁበትን ልብ ካላወረሳችኋቸው፥ ያወረሳችኋቸው የክርክር ምክንያት ነው። ከገቢያችሁም ጥቂቱን ለትምህርትና ለሕዝብ ጥቅም በሕይወታችሁ ሳላችሁ ስጡ፤ ዘመን ሲለወጥ በእጃችሁ የቀረው ሁሉ ቢወሰድ እንኳ ይህ ይቀርላችኋል። ይህንንም አስበን እንድንሠራ እግዚአብሔር ማስተዋልን ይስጠን።